አራት ወር ያልተመለሰ ኢሜይል

አንዲት የማስተርስ ተማሪ እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «ኮርሶቼን በሙሉ ጨርሻለሁ። የቀረኝ ቲሲስ ብቻ ነው። አድቫይዘሬ ‹ሁለተኛውን ምዕራፍ ላኪልኝ› ብሎ ኢሜይል ካደረገልኝ አራት ወር አለፈ። እስካሁን አልመለስኩለትም። ጠዋት ላፕቶፔን እከፍታለሁ፤ ከዚያ ክፍሌን ማጽዳት እጀምራለሁ። ሦስት ጊዜ ፕሮግራም አወጣሁ፤ አንዱንም አልተከተልኩም። የሥራ ማስታወቂያ ሲወጣም እንደዚሁ ነኝ። ማመልከቻውን የምነካው የመጨረሻው ቀን ማታ ነው። ሁለቴ ቀኑ አልፎብኛል። ሰነፍ ሆኜ ነው? ወይስ ይሄ ሙያ የእኔ አይደለም? እውነቱን ይንገሩኝ።»

እህቴ፣ ሰነፍ አይደለሽም። ሰነፍ ሰው ሥራውን ትቶ ሲተኛ እንቅልፍ ይወስደዋል። አንቺ ግን ሳትሠሪ ትደክሚያለሽ። ቲሲሱን ሳትነኪው ቀኑን ሙሉ ተሸክመሽው ትውያለሽ፤ ማታም አብሮሽ ያድራል። ይሄ ሽሽት ነው። ለስንፍና የሚሰጠው ምክር ለሽሽት አይሠራም።

ከምን ነው የምትሸሺው? ፋይሉን ስትከፍቺ ከሚመጣብሽ ስሜት ይመስለኛል። «ከየት ልጀምር?» የሚል ግራ መጋባት አለ። «ምናልባት አልችለው ይሆናል» የሚል ፍርሃት አለ። አሁን ደግሞ ኀፍረት ተጨምሮበታል። ፋይሉን ዘግተሽ መጥረጊያውን ስታነሺ ያ ስሜት ወዲያው ቀለል ይልሻል። እፎይ ትያለሽ። ችግሩ ያለው እዚያ እፎይታ ላይ ነው። አእምሮሽ «መዝጋት ይሻላል» ብሎ ይማራል፤ በማግስቱ ፋይሉ ይበልጥ ይከብድሻል። ዛሬ ነገ ማለትን ለዓመታት ያጠኑት ቲሞቲ ፒቺልና ፉሺያ ሲሮይስም የሚሉት ይሄንኑ ነው፤ ሰው ሥራውን የሚያዘገየው መጥፎ ስሜትን ለጊዜው ለማስታገስ ነው። ሦስቱ ፕሮግራሞችሽ ያልያዙት ለዚህ ይመስለኛል። ፕሮግራም ሰዓት ይደለድላል እንጂ ፍርሃት አያበርድም።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በይልኝ። ኮርሶችሽን ጨርሰሻል። ያኔም ያው አንቺ ነበርሽ። ታዲያ ምን ተለወጠ? ኮርስ ላይ ቀን የሚቆርጥልሽ ሰው ነበር። ፈተናው ቀን አለው፤ አሳይመንቱ ቀን አለው፤ ውጤቱም ብዙ ሳይቆይ ይመጣል። ቲሲስ ላይ ግን በየሳምንቱ የሚጠይቅሽ የለም። ፍሬው ሩቅ ነው፤ መንገዱም ግልጽ አይደለም። ፒርስ ስቲል የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2007 የብዙ ጥናቶችን ውጤት ሰብስቦ መርምሮ ነበር። ሥራው ደስ የማይል ሲሆን፣ ሽልማቱ ሲርቅ፣ «እችለዋለሁ» የሚለው እምነት ሲያንስ ማዘግየት እንደሚበረታ አሳይቷል። በቶሎ በሌላ ነገር የሚሳብ ሰውም ይበልጥ ያዘገያል። ቲሲስ ከእነዚህ አብዛኛዎቹን አንድ ላይ ይዞ ነው የሚመጣው። በነገራችን ላይ «ፐርፌክሽኒስት ስለሆንኩ ነው» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። በዚያው ጥናት ግን ፍጽምና መፈለግ ከማዘግየት ጋር ያለው ግንኙነት በጣም ትንሽ ሆኖ ነው የተገኘው።

አሁን ወደ ኢሜይሉ ልምጣ፤ ከደብዳቤሽ ውስጥ ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነው።

አድቫይዘርሽ በጻፈልሽ ቀን «እሺ፣ እየሠራሁ ነው» የሚል አንድ መስመር ይበቃ ነበር። ሳምንት ሲያልፍ ይቅርታ መጨመር አስፈለገ። ወር ሲያልፍ «ባዶ እጄን እንዴት እጽፋለሁ? ምዕራፉን ይዤ ልቅረብ» አልሽ። አራት ወር ሲሆን ደግሞ ተራ ምዕራፍ የማይበቃ መሰለሽ፤ ዝምታውን የሚክስ ድንቅ ነገር መሆን አለበት። እዪው፣ ምዕራፉ ያው ምዕራፍ ነው። አንዲት ገጽ አልጨመረም። የከበደው ዝምታሽ ነው፤ ዝም ባልሽ ቁጥር የመልሱን ዋጋ ከፍ ታደርጊዋለሽ። ይሄን ነገር ከአሠሪ ጋር ያለውን ግንኙነት ባቋረጠ ሠራተኛ ላይም አያለሁ፤ «አስቡበትና ንገሩን» ተብሎ በቀረ አመልካች ላይም አያለሁ። ከሥራው ይልቅ ዝምታው ነው ሰውን የሚያስቀረው።

ስለዚህ ከምዕራፉ በፊት ኢሜይሉ ይቅደም። ምንም ሳትጽፊ፣ ባዶ እጅሽን። እንዲህ ብትይ ይበቃል፦

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ለኢሜይልዎ ሳልመልስ በመቆየቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ተቸግሬ ቆሜ ነበር። እስከ መጪው ዓርብ የምዕራፉን ንድፍና ሦስት ገጽ ረቂቅ እልክልዎታለሁ። አስተያየትዎ ይጠቅመኛል።»

ሰበብ አትደርድሪ። ረጅም ማብራሪያ ማንም አያነብም፤ አንቺም እሱን ስታሳምሪ ሌላ ሳምንት ያልፋል። ሙሉ ምዕራፍም ቃል አትግቢ። ቢዩለር፣ ግሪፊንና ሮስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት ጥናት፣ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በመጨረስ ላይ የነበሩ ተማሪዎች በአማካይ 34 ቀን ገደማ ይፈጅብናል ብለው ነበር። የፈጀባቸው ግን 55 ቀን ገደማ ነው። ሁላችንም ስንገምት እንዲህ ነን። ሁለተኛ ቃል ማጠፍ አሁን አይበጅሽም። ሦስት ገጽ በይ፤ ሦስት ገጽ ላኪ።

ይቆጣኝ ይሆን ብለሽ እንደምትፈሪ አውቃለሁ። ሊቆጣ ይችላል። ብዙዎቹ ግን «እሺ፣ ላኪ» ብለው ነው የሚያልፉት፤ ስንት ተማሪ እንዲህ ሲጠፋባቸው አይተዋል። ቢቆጣም እንኳ፣ ሰምተሽው የሚያልፍ ቁጣ አራት ወር ሙሉ በሐሳብሽ ስትሰሚው ከኖርሽው ቁጣ ይቀላል።

ራስሽንም ይቅር በይ። ይሄን ለማጽናናት ብቻ አይደለም የምልሽ። ፒቺል ከማይክል ዎልና ከሌላ ባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጡት ጥናት አለ። ለመጀመሪያው ፈተና ጥናታቸውን ካዘገዩ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች መካከል ራሳቸውን ይቅር ያሉት ለቀጣዩ ፈተና ሲዘጋጁ ያዘገዩት ያነሰ ነበር። ነገሩ ይገባኛል። «እኔ እኮ የማልረባ ነኝ» ባልሽ ቁጥር ያ ስድብ ከፋይሉ ጋር ይጣበቃል። ከዚያ ፋይሉን መክፈት ማለት ስድቡን እንደገና መስማት ይሆናል። ማን ይከፍተዋል?

ቀጥሎ ሥራው። «ሁለተኛውን ምዕራፍ መሥራት» የሚባል ሥራ የለም። እሱ የተራራ ስም ነው። በእጅ የሚያዝ ነገር ፈልጊ። ለምሳሌ «ካነበብኳቸው ጽሑፎች አንዱ ምን እንደሚል በራሴ ቃል አንድ አንቀጽ እጽፋለሁ» በይ። ጊዜውንና ቦታውንም አስቀድመሽ ወስኚ። ፒተር ጎልቪትዘር የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ይሄን ዓይነቱን ዕቅድ በሰፊው አጥንቶታል፤ «እንዲህ ሲሆን፣ እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ የወሰነ ሰው «አደርጋለሁ» ብቻ ካለው ሰው ይበልጥ ያሰበውን ይፈጽማል። ያንቺ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ጠዋት ፊቴን ታጥቤ ስጨርስ ስልኬን ሌላ ክፍል ትቼ ፋይሉን እከፍታለሁ፤ 25 ደቂቃ እቀመጣለሁ።» ለመጥረጊያውም መልስ አዘጋጂለት፦ «ክፍሌን ላጽዳ የሚል ሐሳብ ሲመጣብኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፌ እነሳለሁ።» ዓረፍተ ነገሩ መጥፎ ቢሆን ግድ የለም። አብዛኛውን ጊዜ አንዱን የጻፈ ሰው ሁለተኛውንም ይጽፋል።

ስለ ሥራ ማመልከቻው ባጭሩ ልበልሽ። ማስታወቂያውን ባየሽበት ቀን አንድ ነገር ብቻ አድርጊ፦ ስለ አንቺ ለሚመሰክሩልሽ ሰዎች ጽፈሽ ጠይቂ። ሲቪውን በአንድ ማታ ማስተካከል ይቻል ይሆናል። የሌላ ሰው ጊዜ ግን በአንቺ እጅ አይደለም።

«ሙያው የእኔ ላይሆን ይችላል» ላልሽው አሁን መልስ አልሰጥሽም፤ አንቺም አትስጪ። ከሩቅ ሆኖ ሲፈሩት ሁሉም ሙያ የሌላ ሰው ይመስላል። ለጥቂት ሳምንታት በየቀኑ ትንሽ ሥሪና ሥራው ውስጥ ከገባሽ በኋላ ያለውን ስሜትሽን ተመልከቺ። ግማሽ ሰዓት ከሠራሽ በኋላ ነገሩ የሚስብሽ ከሆነ የከበደሽ በሩ ብቻ ነው። ውስጥ ገብተሽም፣ ከሳምንታት በኋላም ምንም የማይሰጥሽ ከሆነ ያኔ ስለ ለውጥ እንነጋገራለን። የእውነት እንነጋገራለን።

አንድ የምጠይቅሽ ነገር አለ። እንቅልፍሽና የምግብ ፍላጎትሽ እንዴት ነው? ድሮ ደስ የሚሉሽ ነገሮች ሁሉ አሁን ከደበሩሽ፣ ወይም ሐሳብሽን መሰብሰብ ከልጅነትሽ ጀምሮ የሚያስቸግርሽ ከሆነ፣ የእኔ ምክር ብቻውን አይበቃሽም። ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ አማክሪ። ሊታከም የሚችል ነገር ሆኖ ሳለ ራስሽን ስትወቅሺ እንዳትኖሪ ነው።

ኢሜይሉን ይሄን አንብበሽ እንደጨረስሽ ላኪው። ዓርብ ሦስቱ ገጾች ሁለት ሆነው ቢቀሩ ሁለቱን ላኪ። ከዚያ አድቫይዘርሽ ምን እንዳለሽ ለእኔም ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።