ስለ ካርቲየር የእጅ ሰዓቶች፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ካርቲየር የጌጣጌጥ ቤት ሆኖ ሳለ ሰዓቱን ከሰዓት ሠሪዎች እኩል ማየት ተገቢ ነውን?

መልስ፦ ተገቢ ነው። ቤቱ በ1847 በፓሪስ ሲመሠረት (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) ሥራው ጌጣጌጥ ነበር። ሆኖም ወንዶች በአብዛኛው የኪስ ሰዓት በሚይዙበት ዘመን፣ በ1904፣ የመሥራቹ የልጅ ልጅ ሉዊ ካርቲየር ብራዚላዊው አብራሪ አልቤርቶ ሳንቶስ ዱሞን መሪውን ሳይለቅ ሰዓት ማየት እንዲችል በእጅ አንጓ የሚታሰር ሰዓት ነድፎለታል። የውስጥ ማሽኑን ከ1907 ጀምሮ በስምምነት ያቀርብ የነበረው ሰዓት ሠሪው ኤድሞን ዤጀር ነው። የካርቲየር ትልቁ ሥራ ቅርጹ ስለሆነ፣ ቅርጹ የተበላሸ ካርቲየር ማሽኑ ደህና ቢሆንም እንኳ ዋናውን ነገር አጥቷል።

ጥያቄ፦ ከአክስቴ የወረስኩት ማስት ታንክ የተባለው የካርቲየር ሰዓት ደብዝዟል። ወርቅ ቤት ወስጄ ላስወልውለው?

መልስ፦ በፍጹም አያስወልውሉት። በ1977 የወጣው ማስት ታንክ ቀፎው ከሺህ 925 እጅ ንጹሕ ከሆነ የብር ማዕድን የተሠራ ሲሆን ወርቁ ከላይ የተለበጠ ነው፤ ልባጡም 20 ማይክሮን፣ ማለትም የአንድ ሚሊሜትር ሃምሳኛ ያህል ብቻ ነው። የሚወለውለው ሰው ጭረቱን አጠፋሁ ሲል ወርቁን ይገፍፈዋል፤ ማዕዘኖቹ ላይም ብሩ ብቅ ይላል። ከዚህም የባሰ ጉዳት አለ። ሉዊ ካርቲየር በ1917 ታንክን ሲነድፍ መነሻው ከላይ የታየ የሬኖ የጦር ታንክ እንደነበር ይነገራል፤ ግራና ቀኝ የቆሙት ሁለት ዘንጎች የታንኩን ሰንሰለት ይወክላሉ፣ የቆዳ ማሰሪያውንም የሚይዙት እነርሱ ናቸው። ዘንጎቹ እኩል ካልሆኑ ሰዓቱ ታንክ መሆኑ ይቀራል፤ የተወለወለ ዘንግ ደግሞ ይሳሳል፣ አንዱ ከሌላው ይለያል፣ ወደ ነበረበትም አይመለስም። ለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ የእኔ ሰዓት ኦሪጅናል ነው?

መልስ፦ የትኛው ሰዓት? የገጹንና የጀርባውን ፎቶ ሳያሳዩ የሚጠይቁትን ልመልስ አልችልም።

ጥያቄ፦ የሮማ አኃዞቹ ውስጥ የቤቱ ስም በጥቃቅን ፊደላት ተደብቆ ይገኛል ይባላል። የእኔ ማስት ቀይ ገጽ ያለው ሲሆን አኃዝም የለውም። ሐሰተኛ ይሆን?

መልስ፦ ይህ በጥንቃቄ የተጠየቀ ጥያቄ ነው። ድብቁ ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ በሰባት ወይም በአሥር አኃዝ አንዱ መስመር ውስጥ ይገኛል። አኃዝ የሌላቸው ባለ አንድ ቀለም ገጾች ግን መደበቂያ ስለሌላቸው አለመኖሩ ምንም አያረጋግጥም። መኖሩም ብቻውን አያረጋግጥም፤ አስመሳዮች እርሱንም ይቀርጹታልና።

አንድ አባል፦ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ማስት ባትሪ ያለው ከሆነ ይህን ያህል መጨነቅ አያስፈልግም። በእጅ የማይሞላ ሰዓት ነፍስ የለውም።

ሌላ አባል፦ ሰዓት የሚገዛው ጊዜን በትክክል እንዲቆጥር ነው፤ በዚህ ረገድ ኳርትዝ፣ ማለትም ባለ ባትሪው፣ ይበልጣል። ደግሞም ማስት በእጅ የሚሞላም አለው።

የመጀመሪያው አባል፦ ትክክለኛነቱን ስልክዎም ይሰጥዎታል።

መልስ፦ ይህን ክርክር ሌላ ጊዜ ቀጥሉት። ባለ ባትሪ ሰዓት ያላችሁ ግን ያለቀ ባትሪ ውስጡ አታቆዩ፤ የሚፈሰው ኬሚካል ማሽኑን ይበላዋል።

ጥያቄ፦ ዱባይ ውስጥ ያገለገለ ባለ 18 ካራት ታንክ አግኝቻለሁ። ሻጩ እንደ አዲስ ተወልውሏል ይላል።

መልስ፦ «እንደ አዲስ ተወልውሏል» ማለት ዋጋ መቀነሻ እንጂ መጨመሪያ አይደለም። ሁለቱን ዘንጎች ከጎን ያነጻጽሯቸው፤ በቀፎው ላይ ያለው የ750 ማኅተም (የ18 ካራት ወርቅ ምልክት) ጠርዙ ደብዝዞ ከሆነም ብዙ ወርቅ እንደተገፈፈ ይወቁ።

ጥያቄ፦ ዋጋው ወደፊት ይጨምራል?

መልስ፦ የዋጋ ትንበያ አልሰጥም።

ጥያቄ፦ ታንክ ታጥቄ መዋኘት እችላለሁ?

መልስ፦ አይችሉም።

ጥያቄ፦ የብረት ሳንቶሴ (በአብራሪው ስም የተጠራው የካርቲየር ሰዓት) ጭረት በዝቶበታል። ባስወለውለው ምን ይመስልዎታል?

መልስ፦ ከላይ ሁለት ጊዜ ተመልሷል፤ እባካችሁ አንብባችሁ ጠይቁ። ሳንቶስ በአንድ አካል ላይ አንጸባራቂና ደብዛዛ ገጽ ጎን ለጎን ስላለው፣ ያልሠለጠነ እጅ ሁሉንም አንድ ዓይነት ያደርገዋል። ለእድሳት ሲሰጡትም ጠጋኙ ደረሰኙ ላይ «አይወልወል» ብሎ እንዲጽፍልዎ ያድርጉ።