ፓራጓይ ቆላ ነው ወይስ ደጋ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ፒያሳ ማኪያቶ እየጠጣን ኳስ ስናይ ክርክር ተነሳ። ጨዋታው በሐምሌ ዋና ከተማው አሱንሲዮን ላይ ነው፣ ተመልካቹ ጃኬት ደርቧል፣ ጓደኛዬ ግን "ፓራጓይ እኮ ቆላ ነው፣ ሰው ሚነድበት" ብሎ ድርቅ አለ። ማን ነው ልክ? ደሞ እንደኛ ባህር የለውም፣ ታዲያ አኩሪ አተሩን በየት ነው ሚያወጣው?
የፒያሳው

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ሂሳቡን ግማሽ ግማሽ ክፈሉ። በከፍታ ከሆነ ጓደኛህ አሸንፏል፣ የአገሩ ትልቁ ተራራ 842 ሜትር ነው፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ እንኳን ይበልጠዋል። ግን እኛ ደጋ ቆላ ስለለመድን ሙቀትን በከፍታ ብቻ ነው ምንለካው፣ እዛ ደሞ ከምድር ወገብ መራቁም አለ፣ አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ላይ ናት አሱንሲዮን 25 ላይ፣ ያውም በደቡብ በኩል ስለሆነ ወቅቱ ተገልብጧል። ታህሳስና ጥር ላይ ሙቀቱ 40 የሚያልፍበት ቀን አለ፣ ሰኔና ሐምሌ ደሞ ከደቡብ ቀዝቃዛ ነፋስ ሲነሳ የሚያግደው ተራራ የለም፣ ሜዳ ነው ዝም ብሎ፣ ትናንት በካናቴራ የነበረ ሰው ዛሬ ጃኬት ይፈልጋል። አንዳንዴ ውርጭም ይጥላል። ቆላ ላይ ውርጭ፣ እኛ ጋ ለገበሬ ብትነግረው ይስቅብሃል።

እርሻው ያለው በምስራቅ ነው። አገሩን የፓራጓይ ወንዝ ለሁለት ይከፍለዋል፣ ከወንዙ ምዕራብ ያለው ቻኮ የመሬቱን 60 በመቶ ይይዛል ግን ደረቅና እሾሃማ ነው፣ ከብት ይረባበታል፣ ሰው እምብዛም። ምስራቁ ቀይ አፈር፣ ዝናብም እንደልብ። አኩሪ አተሩን መስከረም ጥቅምት ላይ ዘርተው ጥር አካባቢ ይሰበስቡና እዛው መሬት ላይ በቆሎ ይደግሙበታል፣ ያ ውርጭ እንግዲህ ሚያሰጋው ይሄን ሁለተኛውን ነው።

በየት ያወጡታል ላልከው፣ በወንዝ። እህሉ በጭነት ጀልባ የፓራጓይንና የፓራናን ወንዞች ተከትሎ አርጀንቲናና ኡራጓይ ወደቦች ድረስ ይወርዳል። ሁለታችንም ባህር የለንም፣ ግን የኛ አዋሽ አፋር ላይ ሰምጦ ይቀራል፣ የነሱ ወንዝ ውቅያኖስ ይደርሳል፣ ልዩነቱ ቀላል አይደለም (እኛ ጅቡቲ መንገድ ላይ ምናወጣውን ናፍጣ አስበው)። ችግሩ ድርቅ ሲሆን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ፓራና በጣም ስለጎደለ ጀልባዎቹ መሬት እንዳይነኩ ጭነት ቀንሰው ነበር ሚሄዱት።