የውሻ ፓርኩ ወደ ሰፈራችን እንዳይዛወር ማስቆም እንችላለን ወይ?

ጥያቄ፦ የምኖረው በካሊፎርኒያ፣ በአላሚዳ ካውንቲ ነው። የከተማችን አስተዳደር ሌላ ቦታ ያለውን የውሻ ፓርክ ዘግቶ ከቤታችን ጀርባ ወዳለው የሕዝብ መስክ ሊያዛውረው ወስኗል። ከጎረቤቶቻችንና ከዕድራችን አባላት በኢንተርኔት ፊርማ አሰባስበናል፤ የምክር ቤት ተወካያችንም በቅንነት እያነጋገሩን ነው። ውሳኔው ሳይነገረን የተላለፈ ስለሆነ ከተማውን መክሰስ እንችላለን?

መልስ፦ ስለ ውሾቹ ጩኸትና ሽታ በዝርዝር ጽፈውልኛል፤ ምክር ቤቱ በየትኛው ቀን እንደወሰነ ግን አንድም ቃል አላገኘሁም። በስልክዎ አንሥተው የላኩልኝ ማስታወቂያም ከላይ በኩል ስለተቆረጠ፣ ሥራው ከአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት ነፃ መደረጉን የሚገልጸው መስመር ይነበባል እንጂ የካውንቲው ክለርክ (የካውንቲውን ሰነዶች የሚመዘግበው ሹም) ማኅተምና ቀኑ አይታይም። ጉዳይዎ በሕይወት መኖር አለመኖሩን የሚነግረን ደግሞ ያ ቀን ነው።

«ሳይነገረን» ላሉት፣ ሕጉ እያንዳንዱን ቤት አንኳኩቶ መንገርን ከተማው ላይ አይጥልም። እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣው የግዛቱ የክፍት ስብሰባ ሕግ የሚጠይቀው የመደበኛ ስብሰባ አጀንዳ ከ72 ሰዓት በፊት እንዲለጠፍና ሕዝቡ እንዲናገር ዕድል እንዲሰጠው ነው። አጀንዳው ላይ ያልነበረ ጉዳይ በግልጽ ስብሰባ ተወስኖ ከሆነ ግን ምክር ቤቱ እንዲያርም በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መጠየቅ ይኖርብዎታል። አጀንዳውን፣ ቃለ ጉባኤውንና የባለሙያ ሪፖርቱን በሕዝብ መዛግብት ሕግ ይጠይቁ፤ ከተማው ሰነዶቹን ይሰጥ እንደሆነ በ10 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለበት፣ ጊዜው ሊራዘም የሚችል ቢሆንም። ስለ ንክሻ ላነሡት ሥጋት፣ በካሊፎርኒያ ሰው የነከሰ ውሻ ባለቤት ከዚህ በፊት ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል፤ ከተማው ግን በውሻ ፓርኩ ውስጥ በውሻ ድርጊት ብቻ ለደረሰ ጉዳት ተጠያቂ አይሆንም።

አሁን ደንበኞች ደጋግመው ወደሚወድቁበት ጉድጓድ ልምጣ። እንዲህ ያለውን ውሳኔ ለመቃወም ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው፣ በተለምዶ «ሲኳ» የሚባለው የካሊፎርኒያ የአካባቢ ጥበቃ ሕግ ነው፤ የይርጋ ጊዜው፣ ማለትም ክስ ማቅረብ የሚቻልበት የጊዜ ገደብ፣ ደግሞ ጠበቆችን እንኳ የሚያስደነግጥ አጭር ነው። ከተማው ፕሮጀክቱን ካጸደቀ በኋላ «ከጥናት ነፃ ነው» የሚል ማስታወቂያ ለካውንቲው ክለርክ ካስገባ፣ ክስ ማቅረቢያው 35 ቀን ብቻ ነው፤ ማስታወቂያ ካላስገባ 180 ቀን ይሆናል። ቀኑ የሚቆጠረው እርስዎ ከሰሙበት ወይም ሠራተኞች አጥር መትከል ከጀመሩበት ዕለት አይደለም፤ ሰዎች ግን ቢሮዬ የሚመጡት አጥሩ ሲቆም ነው። «ተወካያችን በቅንነት እያነጋገሩን ነው» የሚለው አነጋገርዎ ያሳሰበኝም ለዚህ ነው። ተወካዩ ከልባቸው ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሻይ እየጠጡ መነጋገር፣ «በሚቀጥለው ወር እናየዋለን» መባልም ሆነ የኢሜይል ልውውጥ ይርጋውን አያቆመውም። የሚያቆመው ጊዜው ከማለፉ በፊት ከተማው በጽሑፍ የሚፈርመው የይርጋ ማራዘሚያ ስምምነት ነው፤ እርሱም ቢሆን በጠበቃ ካልተረቀቀ አይመኑት። ንግግሩ የተጀመረው ከድምፅ አሰጣጡ በፊት ነው ወይስ በኋላ? በፊት ከነበረ «አላወቅንም» የሚለው ክርክርዎ ራሱ ይዳከማል፤ ይህን ለጠበቃዎ አይደብቁ።

ፊርማውን በተመለከተ፣ ለማን አስረከባችሁት? ድረ ገጽ ላይ የቀረ ፊርማ በከተማው መዝገብ ውስጥ የለም ማለት ነው። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2012፣ ከዚሁ ከአላሚዳ ካውንቲ በተነሣ ጉዳይ፣ ከተጽዕኖ ጥናት ነፃ በተደረገ ፕሮጀክት ላይም ቢሆን ሕዝብ አስተያየት የሚሰጥበት ዕድል ከነበረ ተቃውሞው አስቀድሞ ለአስተዳደሩ መቅረብ እንዳለበት ወስኗል። ተቃውሞውም ዝርዝር መሆን አለበት፤ «ውሻ አንፈልግም» የሚል ጽሑፍ በሺህ ሰው ቢፈረም የመኝታ ቤት መስኮት ከአጥሩ በስንት ሜትር እንደሚርቅና የዝናብ ውኃ ቆሻሻውን ወዴት እንደሚወስድ የሚያሳይ አንድ ገጽ ያህል አይረዳም። ዕድሩ በስሙ ለመክሰስ ካሰበ ደግሞ ሊቀ መንበሩ ፍርድ ቤት ቆመው ሊከራከሩለት አይችሉም፤ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ግድ ነው።

ስለዚህ ነገ ጠዋት የክለርኩ ቢሮ ሄደው የማስታወቂያውን ሙሉ ቅጂ ያውጡ፤ ከድምፅ አሰጣጡ በፊት ለከተማው የላካችሁትን ኢሜይልና ደብዳቤ ሁሉ ሰብስበው፣ በዚህ ሕግ ላይ የሚሠራ የካሊፎርኒያ ጠበቃ በዚሁ ሳምንት ያማክሩ፤ እኔ መዝገቡን ሳላይ የጻፍኩት ለእርሱ ምክር ምትክ አይሆንም። ክሱን ቢያሸንፉም ፍርድ ቤቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘው ውሳኔው ተሽሮ ጥናቱ እንዲሠራ ነው እንጂ ፓርኩ ለዘለዓለም እንዳይመጣ አይደለም፤ ጠበቃዎ ክሱን ሲያዘጋጅ ስለ አጥሩ ርቀትና ፓርኩ ስለሚዘጋበት ሰዓት ከከተማው ጋር በጽሑፍ መደራደሩን ጎን ለጎን እንዲይዘው ይጠይቁት።