ሰኔን ሳትጠይቁ አትፈርሙ

ለርቀት ትምህርት ወጣት አማካሪዎች፣

ከእናንተ አንዱ ሰሞኑን ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር አግኝቶኝ፣ «ጋሼ፣ ተማሪው ‹አምስት ኮርስ ካልመዘገባችሁኝ ሌላ ተቋም እሄዳለሁ› ቢለኝ ምን ልበለው?» አለኝ። መንገድ ላይ የሰጠሁት መልስ አጭር ነበር። ጥያቄው ግን አንዲት ተማሪ አስታወሰኝ።

በአይከል በኩል የወረዳ ገንዘብ ያዥ ነበረች፤ የሁለት ልጆች እናት። አካውንቲንግ ለመማር መጋቢት ላይ አምስት ኮርስ ሞልታ መጣች። ክፍያው ተሟልቷል፣ ማስረጃው ትክክል ነው፣ ቅጹ ላይ ስርዝ ድልዝ የለም። የአማካሪው ፊርማ የእኔ ነው። ሥራዋ በየትኛው ወር እንደሚበረታ ሳይጠየቅ ተፈረመ።

የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል። ገንዘብ ያዥ ሰኔን የሚያሳልፈው ካዝና ሲቆጥር፣ ተሰብሳቢ ሲያወራርድ፣ ያልተመለሰ ቅድሚያ ክፍያ ሲከታተል ነው። የማጠቃለያ ፈተናውም የዋለው በዚያው ወር ነበር። አራቱን ፈተና እንደምንም ተቀመጠች፤ የአምስተኛው ፈተና ዕለት ቆጠራ ላይ ስለነበረች ቀረች፤ ኤንጂ (ውጤት የለም ማለት ነው) ተመዘገበባት። «ፈንዳሜንታል አካውንቲንግ አንድ» የተባለውን ኮርስ አሳይመንት ደግሞ በሚኒባስ ሾፌር እጅ ነበር የላከችው። ያኔ እንዲህ መላክ የተለመደ ነበር፤ ሾፌሮቹም ታማኞች ነበሩ። ፖስታው የሚጠፋው መነኻሪያ ከደረሰ በኋላ፣ ከሾፌሩ ተቀብሎ የርቀት ትምህርት ማእከሉ የሚያደርስ ሰው ሲጠፋ ነው። የእሷም እንዲሁ ጠፋ። ደረሰኝ የለ፣ ኮፒ የለ። አሳይመንቱ ሠላሳ ከመቶ ስለሚይዝ ሃምሳ ለመሙላት ከሰባው ፈተና ሃምሳውን ማምጣት ነበረባት። አልሆነም፤ ኤፍ።

ስሌቱን ተመልከቱ። አምስቱም ባለ 3 ክሬዲት ናቸው። በሦስቱ ሲ አገኘች፤ ሲ በክሬዲት 2 ነጥብ ስለሆነ 18 ነጥብ ነው። ኤንጂው በቀነ ገደቡ ሳይስተካከል ቀረና እሱም ኤፍ ሆነ። ኤፍ ነጥብ የለውም፣ ክሬዲቱ ግን ይቆጠራል። 18 ለ15 ሲካፈል አማካይ ውጤቷ 1.20 ነው። እነዚያኑ ሦስት ኮርሶች ብቻ ይዛ ቢሆን ኖሮ 2.00 ይሆን ነበር። ከ1.20 ተነስታ 2.00 ለመግባት በሚቀጥለው 15 ክሬዲት 2.80 ማምጣት አለባት። በዚያ ላይ ፈንዳሜንታል አንድ ሳይታለፍ ሁለት አይወሰድም፣ ሁለት ሳይታለፍ ኢንተርሚዲየት የለም፣ ከኢንተርሚዲየት በፊትም አድቫንስድ የለም። ኮርሱ በዓመት አንዴ ብቻ ስለሚሰጥ አንዱ ኤፍ ዓመት በላ።

ግንቦት ላይ መጥታ ዊዝድሮዋል (ትምህርት የማቋረጫ ቅጽ) ብትሞላ ኖሮ ውጤቷ ሳይበላሽ በሪአድሚሽን፣ ማለትም በዳግም ቅበላ ትመለስ ነበር። እንዲህ ያለ ቅጽ መኖሩን የነገራት አልነበረም። መስከረም ላይ ሳትመጣ ቀረች። ስልኳ መዝገብ ላይ ነበር፤ አልተደወለላትም።

ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ወረቀት አውጡና ሰዓት አስሉ። ባለ 5 ኢሲቲኤስ (የተማሪ የሥራ ጫና መለኪያ ነው) ኮርስ 135 የሥራ ሰዓት ይጠይቃል፤ ንባቡ፣ ቱቶሪያሉ፣ አሳይመንቱ፣ ፈተናው ሁሉ ተደምሮ። አምስት ኮርስ 675 ሰዓት ነው። ለ16 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት 42 ይደርሳል፤ የመንግሥት ሠራተኛው መደበኛ የሥራ ሰዓት እንኳ 39 ነው። ሁለት ኮርስ በሳምንት 17 ሰዓት ገደማ ነው፤ በሥራ ቀናት ጠዋት ጠዋት ሁለት ሁለት ሰዓት፣ የቀረው ሰባት ለቅዳሜና እሁድ። ሠራተኛ የሆነ ወላጅ ከሦስት እንዳያልፍ አጥብቃችሁ ያዙ። ሆኖም አራት ይዘው በጥሩ ውጤት ያለፉ የሌሊት ጥበቃዎች አይቻለሁ፤ ሌሊቱ የንባብ ጊዜያቸው ነው። ለእነሱ አራት ፍቀዱ።

ቀጥሎ የዓመቱን ወራት ለተማሪው አንድ በአንድ ጥሩለት። ገበሬ ቤተሰብ ያለው ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ላይ ነው። ጥር ሠርግ አለ፤ የጎንደር ሰው ደግሞ የጥምቀት ሰሞን እንግዳ ተቀባይ ነው፤ በዚያ ሳምንት አነባለሁ ቢላችሁ አትመኑት። መምህር የራሱ ተማሪዎች ፈተና አለበት። የበረታበት ወር ከፈተና ወር ከገጠመ አንድ ኮርስ ቀንሱ፣ የምትቀንሱት ግን እንደ ፈንዳሜንታል አንድ ሰንሰለት ያለውን፣ ሳይታለፍ ቀጣዩ የማይወሰደውን አይሁን።

እናንተ የዛሬ ወጣቶች ፈጣን ናችሁ፤ ለመስማት ግን ጊዜ ትሰስታላችሁ። ሞጁል በቴሌግራም ልኮ ተማሪን አማከርኩ ማለት አይቻልም። ቴሌግራሙን ግን አትተዉት፤ ያቺ ሴት አሳይመንቷን ፎቶ አንስታ ብትልክ ኖሮ ኮፒው ይገኝ ነበር። ብቻ ፎቶው ደርሷል ማለት ተመዝግቧል ማለት አይደለም፤ ማእከሉ መዝገብ ላይ ቀንና ፊርማ ይኑር፣ የፊርማው ፎቶም ለተማሪው ይመለስለት። ከሴሚስተሩ አጋማሽ በፊት አሳይመንት ላላስገባ ሁሉ ደውሉ።

ያ ልጅ ለጠየቀኝ ያልጨረስኩት መልስ ይኸው። ሌላ ተቋም እሄዳለሁ የሚልህን አትከልክለው፤ ምን እንደሚጠይቅ ግን ንገረው። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና ለተቋሙ ስም በጅምላ አይሰጥም። ፈቃዱ የሚማርበትን ፕሮግራም፣ በርቀት መሰጠቱንና የሚመዘገብበትን ማእከል ይጥቀስ። ከቴክኒክና ሙያ የመጣ ከሆነ የደረጃ 4 ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ይዞ ይሂድ፤ ያለዚያ ዲግሪው ኋላ ሲጣራ ችግር ያመጣበታል። ከ2015 ወዲህ የመውጫ ፈተና መኖሩንም አስታውሰው፤ አምስት አምስት ኮርስ እየሮጠ ቢጨርስም ከመቶ 50 ካላመጣ ዲግሪው አይሰጠውም። ፈቃዱን በዓይኑ ሳያይ ግን አንድ ብር እንዳይከፍል።