ነበልባሉ ለምን አልተመዘዘም?

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ አስተባብራለሁ። ተማሪዎቼ በሚሽከረከር ጣውላ ላይ የሽቦ ወንፊት በክብ አቁመው፣ መሐሉ ላይ እሳት ለኩሰው የእሳት አዙሪት ለመሥራት ሞከሩ። ነበልባሉ ግን ወደ ላይ ከመመዘዝ ይልቅ ወደ ጎን እየተጋደመ ወንፊቱን ይልሳል። ምን አጥፍተን ነው? ሲሽከረከር የሚረዝመውስ ብዙ አየር ስለሚያገኝ ነው?

መልስ፦ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የእሳቱ ጣሳ መሐል ላይ አለመቀመጡ ነው። ጣውላውን እያሽከረከራችሁ የእርሳስ ጫፍ አስነኩት። ክብ ከሣለ ወደ ውስጥ ግፉት፤ ክቡ ጠብቦ ነጥብ ብቻ ሲቀር እምብርቱ እዚያ ነው። ጣሳውም ወንፊቱም በዚህ ነጥብ ዙሪያ ይለኩ።

ሁለተኛው ጥርጣሬ ክፍሉ ነው። መስኮት ተከፍቶ የሚገባው ነፋስ ሽክርክሪቱን ይሰብረዋል። ለሙከራው ደቂቃዎች መስኮቱን ዝጉ፤ እሳቱ እንደጠፋ ወለል አድርጋችሁ ክፈቱት።

ወንፊቱ 60 በ80 ሴንቲ ሜትር ተቆርጦ ቢጠቀለል 60 ሴንቲ ሜትር ቁመትና 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ይኖረዋል። የመስኮት ወንፊት ፕላስቲክም ሊሆን ስለሚችል፣ ከመግዛታችሁ በፊት ብረት መሆኑን አረጋግጡ። ቀዳዳው ደቃቅ ይሁን፤ እንደ ዶሮ ቤት ሽቦ የሰፋ ከሆነ አየሩን ይዞ አያዞረውም። ጣውላው በጥሩ ኩሽኔታ ላይ ይቀመጥ፣ ላዩም በላሜራ ይሸፈን። በሴኮንድ አንድ ዙር ያህል ለመጀመሪያ ይበቃል። ወንፊቱ የሚወላገድ ከሆነ ነበልባሉም አብሮት ይወላገዳል።

ለነዳጅ ጥጥ ላይ የፈሰሰ 5 ሚሊ ሊትር ነጭ ጋዝ ይበቃል፤ በሲሪንጅ ይለካ። አልኮል አንመክርም፤ ነበልባሉ በቀን ብርሃን እምብዛም ስለማይታይ ጠፍቷል ተብሎ ሲጨመርበት አደጋ ያደርሳል። ቤንዚን ፈጽሞ አይሞከር። የነዳጁ ዕቃ ተከድኖ ከክፍሉ ሳይወጣ ክብሪት አይጫር፤ ጣሳው እስኪቀዘቅዝም ምንም አይጨመር። የሚለኩሰው መምህሩ ነው። ማፈኛ የብረት ክዳንና የአሸዋ ባልዲ አጠገብ ይኑር።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ብዙዎች «ሽክርክሪቱ ኦክስጅን ስለሚያበዛ ነው» ይላሉ፤ ነገሩ ግን ወደ ተቃራኒው ያደላል። ዝም ብሎ የሚነድ ነበልባል ጎኑ ይንቀጠቀጣል፣ በየመንቀጥቀጡም ቀዝቃዛ አየር እየሳበ ከነዳጁ ትነት ጋር ያደባልቃል። አየሩ ሲሽከረከር ይህ መደባለቅ ይዳከማል። ትነቱም የሚያቃጥለውን ኦክስጅን እስኪያገኝ ድረስ ወደ ላይ ይጓዛል፤ ነበልባሉ የሚመዘዘው በዚህ ነው። ከሥር ደግሞ ወደ መሐል የሚሳበው አየር ነበልባሉን ወደ ነዳጁ ስለሚያስጠጋው ትነቱ ይፈጥናል። በወንፊቱ ፋንታ ድፍን ብርጭቆ ካቆማችሁ ከጎን የሚገባ አየር ስለማይኖር ሙከራው ይከሽፋል።

ማስረጃውን ተማሪዎቹ ራሳቸው ይልቀሙት። በእኩል 5 ሚሊ ሊትር ሦስት ጊዜ ሳይሽከረከር፣ ሦስት ጊዜ እየተሽከረከረ፤ ከጀርባ ማስመሪያ አቁመው በስልክ ይቅረጹ፣ እሳቱ እስኪጠፋ የወሰደውንም ሴኮንድ ይመዝግቡ። የተሽከረከረው ቀድሞ ማለቅ አለበት። ውጤታችሁን በባሕር ጠለል ከተለካ ቁጥር ጋር አታወዳድሩት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው።

ይኸው የእሳት አዙሪት ነሐሴ 26 ቀን 1915 ዓ.ም. ቶኪዮ ከመሬት መንቀጥቀጡ በኋላ በነደደችበት ዕለት በገሃድ ተነሥቷል፤ በአንድ ሜዳ ላይ የተጠለሉ 38 ሺህ ያህል ሰዎች አልቀዋል።

ጥያቄ፦ ከሰል ሲራገብ ይቀጣጠላል፣ ሻማ ሲነፋ ይጠፋል። ለምን? (ከፒያሳ)

መልስ፦ በሻማ የሚነደው ቀልጦ የተነነው ሰም ነው። ትንፋሽዎ ያንን ትነት ከክሩ ነጥቆ ይወስደዋል። ሻማውን እፍ ብለው እንዳጠፉ ክብሪት ወደሚወጣው ነጭ ጭስ ያስጠጉ፤ እሳቱ በጭሱ ወርዶ ክሩን ይለኩሰዋል። ከሰል ግን ሙቀቱን በራሱ አካል ይዟል፤ ማራገቢያው አመዱን ገፍቶ ኦክስጅን ያደርስለታል። ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ቢጠፋም ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ መውጣቱን አያቆምም። ቡና እስኪፈላ መስኮቱ ይከፈት፤ ለመኝታ ሲሆን ማንደጃው ይውጣ።