ማስታወሻው ሌሊት ለምን ጮኸ?

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ሱቅ አለኝ። ከደሴ ዕቃ ለማስጫን ጎግል ታስክስ በተባለው የማስታወሻ መተግበሪያ ላይ 2፡00 ብዬ ብመዘግብ ስልኬ ከሌሊቱ 8፡00 ቀሰቀሰኝ። ወር በገባ በ1 የምከፍለውን ኪራይም ቀኑን እያዛባ ነው የሚያስታውሰኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ስልክዎ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። የጠዋቱን 2፡00 «8፡00 ኤኤም» ብለው ይሙሉት።

ዋናው ችግር ኪራዩ ጋ ነው። «በየወሩ» ሲሉት የፈረንጁን ወር ይከተላል፤ ያ ደግሞ 28፣ 29፣ 30 ወይም 31 ቀን ስለሚሆን ከእኛ 30 ጋር አይገጥምም። የኪራዩን ማስታወሻ ከፍተው ድግግሞሹን «በየ30 ቀኑ» ያድርጉት፤ መነሻው ወር የሚብትበት ቀን ይሁን። እስከ ነሐሴ አይዛነፍም። ቀጥሎ ግን ጳጉሜን 1 ላይ ይጮኻል፤ ያኔ መነሻውን ወደ መስከረም 1 ይግፉት። ካልገፉት በአዲሱ ዓመት ወር በገባ ቁጥር 5 ቀን፣ ጳጉሜን 6 ከሆነች ደግሞ 6 ቀን ቀድሞ ይጠራዎታል።