የማይረጋገጥ እውነት አለ?

ቅዳሜ ከሰዓት ጅማ ውስጥ ከጎረቤቶች ጋር ቡና ስንጠጣ፣ ወሬው የሒሳብ ማረጋገጫ ድንበር ላይ ወደቀ። ሒሳብ ስለማስተምር ጥያቄው ሁሉ ወደ እኔ መጣ። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መምህር፣ ጎዴል «ሒሳብ ስህተት ነው» ነው ያለው?

ኧረ በፍጹም! የሎጂክ ሊቁ ኩርት ጎዴል በ1931 ያሳየው ሌላ ነው። አክሲየም የምንላቸውን መነሻዎች በግልጽ ደንብ እናስቀምጥ። ከእነሱ የሚነሳው የሒሳብ ሥርዓት መደመርና ማባዛትን ከያዘ፣ እርስ በርሱም ካልተጋጨ፣ በውስጡ ሊረጋገጥም ሊስተባበልም የማይችል ዓረፍተ ነገር አይጠፋም።

የማይቻል መሆኑ እንዴት ይታወቃል?

እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ይሄ ነው። ጎዴል ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር፣ ለእያንዳንዱ ማረጋገጫም ቁጥር ሰጠ። ከዚያ ቅኔ የመሰለ ዓረፍተ ነገር ሠራ። ሰሙ ስለ ቁጥር ነው። ወርቁ ግን «እኔ በዚህ ሥርዓት አልረጋገጥም» ይላል። ቢረጋገጥ ሥርዓቱ ከራሱ ጋር ይጣላል። ካልተጣላ ደግሞ አይረጋገጥም። አይረጋገጥም ማለት ያለው ነገር ልክ ነው ማለት ነው! እስቲ ቀስ ብላችሁ ደግማችሁ አስቡት።

እሱኑ አክሲየም አድርገን ብንጨምረውስ?

ትችያለሽ፣ ያኛው ይፈታል። አዲሱ ሥርዓት ግን የራሱን ሌላ ይዞ ይመጣል።

እስካሁን ያልተፈቱ ጥያቄዎች ሁሉ እንደዚህ ናቸው?

አይደሉም፣ ይሄን አደራ እንዳታምታታው። ፌርማ የተባለ ፈረንሳዊ የሒሳብ ሰው በ1637 ገደማ ያለ ማረጋገጫ የጻፈው አንድ የቁጥር አባባል ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ማረጋገጫው በ1995 ታተመ። ያልተረጋገጠና የማይረጋገጥ ለየቅል ናቸው። «የማይረጋገጥ» ስንልም በየትኛው ሥርዓት ብለን መጠየቅ አለብን።

ልጄ፣ የእኔ የቡና ሒሳብም ላይረጋገጥ ነው?

አይ አባቴ፣ ስለሱ አያስቡ። ፕረስበርገር የተባለ የሒሳብ ሰው በ1929 እንዳሳየው፣ መደመር ብቻ ያለበት የሙሉ ቁጥሮች ሒሳብ ውስጥ ማንኛውም ጥያቄ ቁርጡ ይታወቃል።

ኪሎውን በዋጋው አባዛለሁ እኮ!

የታወቀ ቁጥርን በታወቀ ቁጥር ማባዛት ችግር የለውም፣ መደመርን መደጋገም ነው። ጣጣው የሚመጣው መደመርና ማባዛትን ይዘን ስለ ቁጥሮች ሁሉ በአንድ አፍ ስንናገር ነው። የእርስዎ ጆንያ ግን ይቆጠራል።